የመስኮት ፍሬምን የሕንፃ የሙቀት ሞዴል ውስጥ በትክክል ለማስገባት፦ ዝርዝር መመሪያ

አዲስ አበባ ላይ ለሚሠሩ ሕንፃዎች የሚዘጋጁ የሙቀት ሞዴሎች ውስጥ ደጋግሜ የማየው ነገር አለ። ግድግዳው በጥንቃቄ ይገባል። ብሎኬቱ፣ ልስኑ፣ ጣሪያው፣ ኮርኒሱ፣ የሁሉም ውፍረት ይሞላል። መስኮቱ ጋ ሲደረስ ግን የመስታወቱ ዩ-ቫልዩ፣ ማለትም ሙቀት የማሳለፍ ቁጥሩ፣ ከአቅራቢው ወረቀት ተገልብጦ ይገባና በዚያው ይታለፋል። ፍሬሙ የለም። ኮምፒውተሩ የሚያሰላው ያለ ፍሬም የቆመ መስታወት ነው።

ቀላል ጉድለት ሊመስል ይችላል፤ አይደለም። የመስታወት ቁጥር የመስኮት ቁጥር አይደለም። ከዚህም በላይ መስታወቱ እየተሻሻለ በሄደ ቁጥር የመስኮቱን ውጤት የሚወስነው ፍሬሙ ይሆናል። ደንበኛችን ውድ መስታወት ገዝቶ ተራ ፍሬም ውስጥ ሊያስገባው ሲል ገንዘቡ የት እንደሚቀር አስቀድሞ ሊያሳየው የሚገባው ሞዴሉ ነው።

እዚህ የምጠቀመው የሕንፃን ሙቀት የሚያሰላውን ኢነርጂፕላስ የተባለ ፕሮግራም ነው። ነፃ ነው፤ ዲዛይንቢልደርም ሆነ ኦፕንስቱዲዮ ከጀርባ የሚያሠሩት እሱኑ ነው። በሌላ ሶፍትዌር የምትሠሩም ብትሆኑ አካሄዱ አይለወጥም። ስሌቱ በእጅ የሚሠራ ስለሆነ ካልኩሌተር ይበቃል።

ለጀማሪ አንድ ነገር ላስቀድም። ዩ-ቫልዩ ማለት በውስጥና በውጭ መካከል የአንድ ዲግሪ ልዩነት ሲኖር በአንድ ሜትር ካሬ በኩል ስንት ዋት ሙቀት እንደሚያልፍ የሚናገር ቁጥር ነው። ሲያንስ ይሻላል። አሃዱ ዋት በሜትር ካሬ በኬልቪን ነው፤ ከዚህ በኋላ ቁጥሩን ብቻ እጽፋለሁ።

1. መስኮቱን በሁለት ከፍላችሁ ለኩ

ከሥዕሉ ላይ የመስኮቱን ሙሉ ስፋት ውሰዱ። ከዚያ ፊት ለፊት ቆማችሁ ስታዩት የሚታየውን የፍሬም ወርድ ለኩ። የሚከፈት መስኮት ከሆነ ግድግዳው ላይ የታሰረውንና አብሮ የሚከፈተውን አንድ ላይ ቁጠሩ። በሞዴል ውስጥ ሁለቱም ፍሬም ናቸው።

ለምሳሌያችን 1.20 ሜትር በ1.50 ሜትር የሆነ፣ በመሃሉ ክፍፍል የሌለው መስኮት እንውሰድ። ፍሬሙ ዙሪያውን 70 ሚሊሜትር ነው። ሙሉ ስፋቱ 1.80 ሜትር ካሬ ይሆናል። ከሁለቱም ጎን 70 ሚሊሜትር ሲቀነስ መስታወቱ 1.06 በ1.36፣ ማለትም 1.44 ሜትር ካሬ ነው። የቀረው 0.36 ሜትር ካሬ ፍሬም ነው። ይህ ከጠቅላላው 20 በመቶ ነው። የመስታወቱን ዙሪያም ለኩ፤ 4.84 ሜትር። በኋላ ያስፈልገናል።

20 በመቶ ብዙዎች ከሚገምቱት በላይ ነው። ይኸው መስኮት ባለሁለት ክንፍ ቢሆንና መሃሉ ላይ 100 ሚሊሜትር ቋሚ ቢጨመርበት ፍሬሙ ወደ 27 በመቶ ይወጣል። ትንንሽ መስኮቶች፣ በተለይ የመታጠቢያ ቤትና የወጥ ቤት፣ ከዚህም ያልፋሉ። ስለዚህ "ፍሬሙ 10 በመቶ ነው" ብላችሁ በደፈናው አትሙሉ።

2. ለፍሬሙ ትክክለኛውን ቁጥር ፈልጉ

ስህተት የሚበዛው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለን እንሂድ።

ቁሶቹ ሙቀት የማስተላለፍ አቅማቸው እጅግ ይራራቃል። የአልሙኒየም ቅይጥ 160፣ ብረት 50፣ ፒቪሲ 0.17፣ ለስላሳ እንጨት 0.13፣ ጠንካራ እንጨት 0.18 ዋት በሜትር በኬልቪን ነው። አልሙኒየም ከፒቪሲ 900 ጊዜ በላይ ያስተላልፋል ማለት ነው። ይህን ያየ ሰው የአልሙኒየም ፍሬም ከፒቪሲ ፍሬም 900 ጊዜ ይከፋል ብሎ ሊያስብ ይችላል። እንደዚያ አይደለም። የፍሬሞቹ ዩ-ቫልዩ ልዩነት ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። ምክንያቱም ሙቀቱ ከክፍሉ አየር ወደ ፍሬሙ፣ ከፍሬሙ ደግሞ ወደ ውጭ አየር ሲሻገር በሁለቱም ገጽ ላይ የሚይዘው ቀጭን የአየር ሽፋን አለ። የእነዚህ የሁለቱ ሽፋኖች መከላከያ ሲደመር 0.17 ነው፤ ውስጥ 0.13፣ ውጭ 0.04። አንድ ለ0.17 ሲካፈል 5.9 ይሰጣል። ብረትም ሆነ አልሙኒየም በራሱ ምንም አይከላከልም፤ የሚከላከለው አየሩ ብቻ ነው።

ለዚህ ነው አይኤስኦ 10077 የተባለው ዓለም አቀፍ የመስኮት ዩ-ቫልዩ ማስሊያ ደረጃ መሃሉ ላይ ሙቀት ማቋረጫ ለሌለው የብረት ዘር ሁሉ 5.9ን መነሻ የሚያደርገው። መነሻ ነው እንጂ ጣሪያ አይደለም። የአልሙኒየም ፕሮፋይል ጥልቅ ከሆነና ጎኑ ወደ ክፍሉ በሰፊው ከተጋለጠ እንደ ክንፍ ሙቀት ይሰበስባል፤ ቁጥሩም ወደ 7 ሊጠጋ ይችላል። በነባር ቤቶች የምናውቀው፣ መስታወቱ በስቱኮ የሚያያዝበት የኤልቲዜድ ብረት መስኮትም እዚሁ ምድብ ውስጥ ነው። ብረት ከአልሙኒየም ሦስት እጥፍ ያነሰ ቢያስተላልፍም ውጤቱ ላይ ለውጥ የለውም። ሁለቱም በቀጥታ ከውስጥ ወደ ውጭ ይዘልቃሉና።

ሙቀት ማቋረጫ ያለው፣ ገበያው ላይ ተርማል ብሬክ የሚባለው አልሙኒየም፣ የውስጡና የውጩ ብረት በፖሊአማይድ ፕላስቲክ የተለያየ ነው። የማቋረጫው ስፋት ውጤቱን ይለውጠዋል። ለምሳሌያችን 3.0 እንይዛለን። በውስጡ ሦስት ባዶ ክፍል ያለው ፒቪሲ 2.0 አካባቢ ነው። 68 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ለስላሳ እንጨት ደግሞ 1.8 አካባቢ።

ፒቪሲ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ፒቪሲ ብቻውን ስለሚለምጥ በውስጡ የብረት ማጠንከሪያ ይገባበታል። አቅራቢው የሚሰጣችሁ ቁጥር ባዶ ፕሮፋይል ላይ የተሰላ ከሆነ እውነተኛው መስኮት ከዚያ የከፋ ነው። "ይህ ቁጥር ከነብረቱ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ካጣችሁ ፕሮፋይሉን ራሳችሁ ማስላት ትችላላችሁ። የአሜሪካው ሎረንስ በርክሊ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ተርም የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለው። የፕሮፋይሉን ቁርጥ ሥዕል ከሥር አስቀምጣችሁ ትስሉበታላችሁ፣ ቁሱን ትሞላላችሁ፣ ዩ-ቫልዩውን ይሰጣችኋል። መጀመሪያ ላይ አሰልቺ ነው፤ አንዴ ከለመዳችሁት ግን የማንንም ካታሎግ ሳትጠብቁ ትሠራላችሁ።

መስኮቱ ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ የተለጠፈበትን የኤንኤፍአርሲ (የአሜሪካ የመስኮት ደረጃ ሰጪ ተቋም) ወረቀት በጥንቃቄ አንብቡ። እዚያ ላይ ያለው ቁጥር የመስታወቱም የፍሬሙም አይደለም፤ የሙሉው መስኮት ነው። አሃዱም በፋራናይትና በስኩዌር ፊት ነው። ወደኛው ለመለወጥ በ5.678 አባዙት። 0.30 ተብሎ የተጻፈው 1.70 ነው። 0.30ን እንዳለ ያስገባ ሰው የትም የማይገኝ ድንቅ መስኮት ሞዴሉ ውስጥ ገጥሟል ማለት ነው።

3. መስታወቱና ጠርዙ

ባለአንድ መስታወት 5.8፣ ተራ ባለሁለት መስታወት 2.8፣ ሎው-ኢ ቅብ (ሙቀትን መልሶ የሚያንጸባርቅ ስስ ቅብ) እና አርገን ጋዝ ያለው ባለሁለት መስታወት 1.1 እንያዝ።

ባለሁለት መስታወት ላይ የሚረሳ ሦስተኛ ነገር አለ። ሁለቱን መስታወቶች ዙሪያውን የሚያራርቀው ስፔሰር አብዛኛውን ጊዜ አልሙኒየም ነው። በዚያ ጠርዝ ላይ ሙቀት ይሾልካል። ይህ ሹልክታ በሜትር ካሬ ሳይሆን በጠርዝ ርዝመት ይለካል። ሳይ በሚባል የግሪክ ፊደል ስለሚጻፍ እኛም ሳይ እንበለው። ከአልሙኒየም ስፔሰር ጋር፣ ለፒቪሲና ለእንጨት ፍሬም ተራ ባለሁለት መስታወት ላይ 0.06፣ ሎው-ኢ ላይ 0.08 ነው። ለተርማል ብሬክ 0.08 እና 0.11። ለተራ አልሙኒየም 0.02 እና 0.05። ተራው አልሙኒየም ያነሰው ስለተሻለ አይደለም። ፍሬሙ ራሱ አስቀድሞ ስላፈሰሰው ለጠርዙ የሚቀር ትንሽ ስለሆነ ነው።

እግረ መንገዴን፦ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ነች። የአየር ግፊቱ የባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ዝቅተኛ ቦታ ላይ ታሽጎ የመጣ ባለሁለት መስታወት እዚህ ሲደርስ በውስጡ ያለው ጋዝ ይገፋዋል፤ መስታወቱ ይነፋል፣ ማሸጊያው ይጨነቃል። ጋዙ ካመለጠ 1.1 የተባለው ቁጥር አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ የት እንደታሸገና ግፊቱ ለከፍታው ታስቦ እንደሆነ ጠይቁ። ማረጋገጫ ከሌለ ሞዴላችሁ ውስጥ ያለ አርገን ያለውን ቁጥር መያዝ ይሻላል ባይ ነኝ።

4. የሙሉውን መስኮት ዩ-ቫልዩ በእጅ አስሉ

ቀመሩ ቀላል ነው። የመስታወቱን ስፋት በመስታወቱ ዩ-ቫልዩ አባዙ። የፍሬሙን ስፋት በፍሬሙ ዩ-ቫልዩ አባዙ። የጠርዙን ርዝመት በሳይ አባዙ። ሦስቱን ደምሩና ለሙሉው ስፋት አካፍሉ።

ሎው-ኢ መስታወትን በተራ አልሙኒየም ፍሬም እንሞክር። መስታወቱ 1.44 ሲባዛ በ1.1፣ 1.59። ፍሬሙ 0.36 ሲባዛ በ5.9፣ 2.11። ጠርዙ 4.84 ሲባዛ በ0.05፣ 0.24። ድምሩ 3.94። ለ1.80 ሲካፈል 2.19።

ይህን ቁጥር ቆም ብላችሁ እዩት። መስታወቱ 1.1 ነው ተብሎ ነው የተገዛው። መስኮቱ ግን 2.19 ሆነ፤ እጥፍ። ከስፋቱ 20 በመቶ ብቻ የያዘው ፍሬም ከነጠርዙ 60 በመቶውን ሙቀት ያወጣል።

በተመሳሳይ መንገድ የሌሎቹን ላስቀምጥ፦

- ባለአንድ መስታወት፦ በተራ አልሙኒየም 5.82፣ በፒቪሲ 5.04
- ተራ ባለሁለት መስታወት፦ በተራ አልሙኒየም 3.47፣ በተርማል ብሬክ 3.05፣ በፒቪሲ 2.80፣ በእንጨት 2.76
- ሎው-ኢ ከአርገን ጋር፦ በተራ አልሙኒየም 2.19፣ በተርማል ብሬክ 1.77፣ በፒቪሲ 1.49፣ በእንጨት 1.45

ባለአንድ መስታወት ላይ ፍሬሙን ከአልሙኒየም ወደ ፒቪሲ መቀየር 13 በመቶ ብቻ ያሻሽላል። ሎው-ኢ ላይ ያው ቅያሬ 32 በመቶ ያሻሽላል። ባለሁለት ክንፉን በሎው-ኢ ብናሰላው ደግሞ አልሙኒየሙ ወደ 2.62 ይወጣል፤ ፒቪሲው 1.67 ላይ ይቆማል። ክፍፍል በበዛ ቁጥር የፍሬሙ ቁስ ይበልጥ ይከብዳል።

እዚህ ድረስ ሁሉንም ፍሬም 70 ሚሊሜትር አድርጌ የያዝኩት ቁሱን ብቻ ለማነጻጸር ነው። በእውነተኛው መስኮት ግን የፍሬሙ ወርድም አብሮ ይለወጣል። የኤልቲዜድ ብረት ቀጭን ነው። የሚከፈት ፒቪሲ ደግሞ ወፍራም ነው፤ 110 ሚሊሜትር ቢሆን አይገርምም። ፒቪሲውን በ110 ብናሰላው በባለአንድ መስታወት ዩ-ቫልዩው ከ5.04 ወደ 4.65 ይወርዳል፤ ፍሬሙ ከመስታወቱ ስለሚሻል። በሎው-ኢ ግን ከ1.49 ወደ 1.57 ይወጣል፤ አሁን ፍሬሙ ከመስታወቱ የከፋ ስለሆነ። ያው ፍሬም እንደ መስታወቱ ይጠቅማል ወይም ይጎዳል። እውነተኛውን ወርድ ለኩ የምላችሁ ለዚህ ነው።

5. ወደ ኢነርጂፕላስ አስገቡ

ሁለት መንገድ አለ። ሁለቱን አትደባልቁ።

የመጀመሪያው አጭር መንገድ ነው። ሲምፕል ግሌዚንግ ሲስተም የሚባለውን ነገር ወስዳችሁ በአራተኛው ደረጃ ያገኛችሁትን የሙሉ መስኮት ዩ-ቫልዩ ታስገባላችሁ። የፀሐይ ሙቀት ማስገቢያ መጠኑንና የብርሃን ማሳለፊያውንም እንዲሁ የሙሉ መስኮት አድርጋችሁ ትሞላላችሁ። መስኮቱን በሙሉ ስፋቱ፣ 1.20 በ1.50 አድርጋችሁ ትስላላችሁ። ፍሬም የሚባል ነገር አትጨምሩም። ከጨመራችሁ ፍሬሙን ሁለት ጊዜ ቆጠራችሁት። ለመጀመሪያ ደረጃ ንድፍ ይህ መንገድ ይበቃል።

ሁለተኛው ፍሬሙን ለብቻው ማስገባት ነው። ፍሬሙ ላይ ውሃ ይቋጥር እንደሆነ ማወቅ ከፈለጋችሁ፣ ወይም የፍሬሙ ቀለም ጉዳይ ከሆነ፣ ያለው መንገድ ይህ ነው። መስታወቱን በንብርብሩ ትሠራላችሁ፤ ዊንዶው ፕሮፐርቲ ፍሬም ኤንድ ዲቫይደር የሚባለውን ነገር ትፈጥሩና ስሙን ከመስኮቱ ጋር ታያይዛላችሁ።

ትልቁ ወጥመድ እዚህ አለ። ኢነርጂፕላስ የምትስሉትን መስኮት መስታወት ብቻ አድርጎ ነው የሚረዳው። ፍሬሙን ከውጭ ዙሪያውን ይጨምርና ከግድግዳው ላይ ይቀንሰዋል። 1.20 በ1.50 ስላችሁ 70 ሚሊሜትር ፍሬም ብትጨምሩበት መስኮታችሁ 1.34 በ1.64 ይሆናል። 1.80 የነበረው 2.20 ሜትር ካሬ ሆነ፤ 22 በመቶ አደገ። ማንም ስህተት ብሎ አይጠቁማችሁም። ስለዚህ መስታወቱን 1.06 በ1.36 አድርጋችሁ ሳሉ። ሥዕሉ የመጣው ከሌላ ፕሮግራም ከሆነ ፕሮግራሙ ይህን ማስተካከያ ራሱ ማድረግ አለማድረጉን በውጤቱ ላይ አረጋግጡ። እንዴት እንደሆነ መጨረሻ ላይ አሳያለሁ።

ሁለተኛው ወጥመድ የፍሬም ኮንዳክታንስ የሚለው መስክ ነው። ይህ ዩ-ቫልዩ አይደለም። ከገጽ እስከ ገጽ ያለውን ብቻ ይጠይቃል፤ የአየር ሽፋኖቹን ኢነርጂፕላስ ራሱ በየሰዓቱ ያሰላቸዋል። ለመለወጥ አንድን ለዩ-ቫልዩ አካፍሉ፣ 0.17 ቀንሱ፣ ከዚያ አንድን ለውጤቱ አካፍሉ። ፒቪሲ 2.0 ከሆነ፦ 0.50 ሲቀነስ 0.17፣ 0.33፤ ኮንዳክታንሱ 3.0። ተርማል ብሬክ 3.0 ከሆነ 6.1። እንጨት 1.8 ከሆነ 2.6። ፒቪሲው ላይ 2.0ን እንዳለ ብታስገቡ የአየር ሽፋኑን ሁለት ጊዜ ቆጥራችሁ ፍሬሙን ከእውነቱ አሻላችሁት።

ተራ አልሙኒየም ላይ ይህን ብትሞክሩ ዜሮ ጋ ትደርሳላችሁ፤ ማካፈልም አይቻልም። ስህተት አልሠራችሁም። ብረቱ አይከላከልም ያልነው በቁጥር ሲታይ ይህ ነው። ትልቅ ቁጥር፣ ለምሳሌ 50 ወይም 100 አስገቡ። ከዚያ በላይ ብትጨምሩት ውጤቱ እምብዛም አይንቀሳቀስም፤ አየሩ ይገድበዋልና። ፍሬሙ ከመስታወቱ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ምን ያህል እንደሚወጣ የሚጠይቁትን መስኮችም ሙሉ። ቀደም ብዬ እንደ ክንፍ ሙቀት ይሰበስባል ያልኩትን የሚይዘው በእነሱ ነው።

የጠርዙ ጉዳይ በሬሾ ይገባል፤ የመስታወቱ ጠርዝ ከመሃሉ ስንት እጥፍ ያስተላልፋል የሚል። ፕሮግራሙ 63.5 ሚሊሜትር ስፋት ያለውን ዙሪያ እንደ ጠርዝ ይወስዳል። ባለአንድ መስታወት ከሆነ 1 አድርጉት፤ ስፔሰር የለውም። ባለሁለት ከሆነ ቁጥሩን ከተርም ጋር የሚሠራው ዊንዶው የተባለው ፕሮግራም አስልቶ ይሰጣችኋል።

ቀለሙን አትርሱ። ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ቡናማ አልሙኒየም የፀሐይን ጨረር 90 በመቶ ያህል ይውጣል፤ ነጭ ፒቪሲ 30 በመቶ አካባቢ። ኢሚሲቪቲ (ገጹ ሙቀትን በጨረር የመልቀቅ አቅሙ) የሚለው መስክ ላይ ቀለም የተቀባ ማንኛውም ፍሬም 0.9 ይሁን። ያልተቀባ፣ የሚያብረቀርቅ አልሙኒየም ከሆነ ብቻ ወደ 0.2 አውርዱት።

6. የሚቀንሰውን ፀሐይና ብርሃን ቁጠሩ

ፍሬም ሙቀት ከማውጣቱ ሌላ ፀሐይ ይከለክላል። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ከቀጭን የ40 ሚሊሜትር ብረት ወደ 110 ሚሊሜትር ፒቪሲ ስትሸጋገሩ የመስታወቱ ድርሻ ከ88 በመቶ ወደ 70 በመቶ ይወርዳል። ከሚገባው ብርሃንና ፀሐይ አንድ አምስተኛው ቀረ። አዲስ አበባ ውስጥ ማሞቂያ የሌለው ቤት ቀን ላይ የሚሰበስበው ፀሐይ ነው ማታ የሚያሞቀው። በተለይ ኅዳርና ታኅሣሥ ሰማዩ ጠርቶ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ይህ ልዩነት ይታያል። ዩ-ቫልዩውን ብቻ ያየ ሰው ፒቪሲው አሸነፈ ይላል። ሞዴሉ ሁለቱንም ስለሚያይ ሌላ ሊል ይችላል።

አጭሩን መንገድ ለመረጣችሁ ስሌቱ እንዲህ ነው፦ የመስታወቱን የፀሐይ መጠን በመስታወቱ ድርሻ አባዙ፣ የፍሬሙን በፍሬሙ ድርሻ አባዙ፣ ደምሩ። የፍሬሙ መጠን የሚገኘው የሚውጠውን ጨረር በዩ-ቫልዩው አባዝቶ ለ25 በማካፈል ነው። ጥቁር ተራ አልሙኒየም 0.21 ይሆናል፤ ነጭ ፒቪሲ 0.02። የመጀመሪያው ሊናቅ አይገባም። የሁለተኛው ከቁጥር አይገባም።

7. የአየር ሹልክታን ለብቻው አስገቡ

የትኛውም ዩ-ቫልዩ በፍሬምና በክንፍ መካከል የሚገባውን ነፋስ አይቆጥርም። ያንን የአየር ፍሰት ክፍል ውስጥ ለብቻው ትሞላላችሁ። እዚህ ላይ የራሴን አቋም ልናገር። አዲስ አበባ ላሉ ተራ መኖሪያ ቤቶች ከፍሬሙ ቁስ ይልቅ አዘጋጉ ይበልጣል።

በቁጥር እንየው። ሌሊት ውጭ 8 ዲግሪ፣ ውስጥ 18 ነው እንበል። ባለአንድ መስታወት መስኮታችንን ከአልሙኒየም ወደ ፒቪሲ ብንቀይር የምናድነው 14 ዋት ነው። አሁን አራት በአራት የሆነች፣ ቁመቷ 2.5 ሜትር የሆነ መኝታ ቤት ውሰዱ። መስኮቱ በደንብ ስለማይገጥም በሰዓት አንድ ጊዜ ተጨማሪ የክፍሉ አየር ቢለወጥ፣ በአዲስ አበባ ስስ አየር እንኳ የሚጠፋው 100 ዋት ገደማ ነው። ሰባት እጥፍ። ጎማው ያለቀበትን ወይም የሚንሸራተተውን መስኮት በሚገባ የሚዘጋ ማድረግ ቁሱን ከመቀየር በፊት ይመጣል። በሞዴል ውስጥ ሁለቱን ካልለያችኋቸው ግን ጥቅሙ ከየት እንደመጣ አታውቁም። ፒቪሲ ስለገባ ቤቱ ሞቀ ትላላችሁ፤ ያሞቀው ግን ጎማው ሊሆን ይችላል።

8. አነጻጽሩ፤ ትክክለኛውን ነገርም ተመልከቱ

ሞዴሉን ቢያንስ ሦስት ጊዜ አስኪዱ፦ ያለ ፍሬም፣ በተራ አልሙኒየም፣ በፒቪሲ ወይም በተርማል ብሬክ። ሌላውን ሁሉ አትንኩ። ከዚያ የምታዩት ውጤት እንደ ቦታው ይለያል።

ማሞቂያም ማቀዝቀዣም የሌለው የአዲስ አበባ ቤት ላይ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ የኪሎዋት ሰዓት ሠንጠረዥ ባዶ ነው፤ እሱን አትፈልጉ። የምታዩት ሌሊት ክፍሉ ስንት ዲግሪ እንደሚወርድና ፍሬሙ ላይ ውሃ መቋጠር አለመቋጠሩን ነው። ሁለተኛውን በእጅም መገመት ይቻላል። የሙቀቱን ልዩነት በፍሬሙ ዩ-ቫልዩና በ0.13 አባዙ፣ ከክፍሉ ሙቀት ቀንሱ። በ18 እና በ8 ዲግሪ፣ የተራው አልሙኒየም የውስጥ ገጽ 10.3 ዲግሪ ይሆናል። የተርማል ብሬኩ 14.1፣ የፒቪሲው 15.4። ሰዎች ተኝተውበት የተዘጋ ክፍል እርጥበቱ 65 በመቶ ቢደርስ የጤዛ ነጥቡ፣ ማለትም በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ወደ ውሃ የሚለወጥበት ሙቀት፣ 11.3 ዲግሪ ነው። አልሙኒየሙ ከዚያ በታች ስለሆነ ውሃ ይቋጥራል፤ ሌሎቹ አይቋጥሩም። ጠዋት ጠዋት በፍሬሙ ሥር የሚጠራቀመው ውሃና ከጊዜ በኋላ ልስኑ ላይ የሚወጣው ጥቁር ሻጋታ ከዚህ ነው። ሕፃናትና አስም ያለባቸው ሰዎች በሚኖሩበት ቤት ይህ ከ14 ዋቱ በላይ ያሳስበኛል። ኢነርጂፕላስ ፍሬሙ ላይ ውሃ የሚቋጥርባቸውን ሰዓታት እንዲያወጣላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ የፍሬም ኮንደንሴሽን ስታተስ የሚለውን ውጤት ጨምሩ።

ድሬዳዋ ማቀዝቀዣ ያለው ቢሮ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። ውጭ 35፣ ውስጥ 25 ቢሆን በተራ ባለሁለት መስታወት በአልሙኒየምና በፒቪሲ መካከል ያለው የዩ-ቫልዩ ልዩነት በአንድ መስኮት 12 ዋት ነው። በሜትር ካሬ 500 ዋት ፀሐይ ቢመታው ግን በዚያው መስኮት ከ500 ዋት በላይ ይገባል። እዚያ ደንበኛው ገንዘቡን ለፍሬም ቁስ ከማውጣቱ በፊት ጥላ ይሥራ። ፍሬሙን በተመለከተ ሊጨነቅ የሚገባው ለቀለሙ ነው፤ ነጭ ይሁን።

ሚኒያፖሊስ ወይም ስቶክሆልም ሆናችሁ ለምትሠሩ ደግሞ ፍሬሙ ዋናው ጉዳይ ነው። ውጭ ከዜሮ በታች 10፣ ውስጥ 20 ሲሆን በሎው-ኢ መስኮት በተራ አልሙኒየምና በፒቪሲ መካከል ያለው ልዩነት ለአንድ መስኮት 38 ዋት ነው፤ እንዲህ ያለው ብርድ እስካለ ድረስ፣ ሌት ተቀን። ተራ አልሙኒየም እንዲህ ባለ አገር መኖሪያ ቤት ላይ ቦታ የለውም።

ሪፖርቱን ከመላካችሁ በፊት የኢነርጂፕላስን የውጤት ሠንጠረዥ ክፈቱና የውጭ መስኮቶች የሚለውን ክፍል ፈልጉ። የእያንዳንዱ መስኮት የመስታወት ስፋት፣ የፍሬም ስፋት፣ የሁለቱ ድምርና የፍሬሙ ኮንዳክታንስ ለየብቻ ተጽፈዋል። የእኛ መስኮት 1.44፣ 0.36 እና 1.80 ማሳየት አለበት። 2.20 ካያችሁ አምስተኛው ደረጃ ላይ ያልኩት ወጥመድ ውስጥ ገብታችኋል። የፍሬም ስፋቱ ዜሮ ከሆነ ደግሞ ፍሬሙን ፈጥራችሁ ከመስኮቱ ጋር ማያያዝ ረስታችኋል። አጭሩን መንገድ ከመረጣችሁ ግን ዜሮ መሆኑ ትክክል ነው። ከዚያ ለደንበኛው በምትሰጡት ወረቀት ላይ የመስታወቱን ዩ-ቫልዩና የመስኮቱን ዩ-ቫልዩ ጎን ለጎን ጻፉለት፤ የፍሬሙን ቁስና ስፋት ከሥሩ።